መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ፦ በቅርቡ በሞት ስለተለዩን ሦስት ጠበቆች

(በሕግ ፋኩልቲው አዳራሽ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለሟቾቹ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል)



ባለፉት ሁለት ዓመታት ውስጥ ከተማችን ሦስት ጠበቆቿን በሞት አጥታለች። ስማቸውና ፎቶግራፋቸው በእጃችሁ በያዛችሁት ወረቀት ላይ ታትሟል። እኔ ግን በንግግሬ ስማቸውን አልጠራም። ምክንያቱን አስቀድሜ ልናገር። የጠበቃን ሕይወት መተረክ የደንበኞቹን ሕይወት መንካት ነው፤ የደንበኛ ምስጢር ደግሞ ጠበቃው ስለሞተ አይፈታም። ይህ ንግግር በጽሑፍ ወጥቶ ብዙ ሰው ሊያነበው ስለሚችል፣ ከስሙ ተነሥቶ ወደ ባለጉዳዩ መድረስ እንዳይቻል ቀዳሚው፣ ሁለተኛዋ እና ሦስተኛው እያልሁ እናገራለሁ። ቤተሰቦቻቸውም ይህን ፈቅደውልኛል።

በቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ሥርዓቱ የታወቀ ነው። መቼና የት እንደተወለዱ፣ የት እንደተማሩ፣ ስንት ልጆችና የልጅ ልጆች እንዳዩ ይነገራል፤ ከዚያም “ሰው አክባሪ፣ ለሥራቸው ታማኝ ነበሩ” ይባልና ያበቃል። በሦስቱም ቀብር ላይ ቆሜ ይህንኑ ሰምቻለሁ። የተባለው ሁሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከቀብሩ ስመለስ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይከተለኝ ነበር፦ ይህ ሰው ለ30 ወይም ለ50 ዓመታት በየማለዳው ተነሥቶ የሠራው ሥራ ምንድን ነበር? ሐኪም ያዳነው በሽተኛ ይመሰክርለታል፤ መሐንዲስ የሠራው ድልድይ ይቆምለታል። የጠበቃ ሥራ ግን በመዝገብ ውስጥ ይኖራል፤ መዝገቡም ይዘጋል። እኔ ዛሬ ለመናገር የመጣሁት ስለዚያ ስለተዘጋው መዝገብ ነው።

ከቀዳሚው ልጀምር። ባለፈው ዓመት በ92 ዓመታቸው ያረፉት ናቸው። የሕግ ዲግሪ አልነበራቸውም። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ሆነው ዜማና ቅኔ ተምረዋል፤ ፍትሐ ነገሥቱንም ከአንድ መምህር እግር ሥር ቁጭ ብለው ሰምተዋል። ከዚያ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት ተቀጥረው ጥቂት ዓመታት ሠሩ፤ ቀጥሎም ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ወንበርና ጠረጴዛ ዘርግተው ማመልከቻ ጸሐፊ ሆኑ። የጥብቅና ፈቃድ ያገኙት ከብዙ ጊዜ በኋላ በሥራ ልምድ ነው።

ተማሪዎች ሆይ፣ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በአገራችን ጥብቅና በዘመናዊ ትምህርት ቤት አልተጀመረም። ተጠየቅ ተባብሎ፣ በላ ልበልሃ ብሎ፣ ውርርድ ተወራርዶ የሚሟገት ሕዝብ ነበረን። ለሌላው ሰው ቆሞ የሚከራከረው ነገረ ፈጅ የሚባለውም በዚያው አደባባይ ያደገ ሰው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የወጣው በ1952 ነው፤ የመጀመሪያው የሕግ ፋኩልቲ በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ1956 ነው። ስለዚህ ከ3,300 በላይ ቁጥሮች ያሉት ያ ታላቅ ሕግ ሲታወጅ፣ በአገር ውስጥ የሕግ ፋኩልቲ ተምሮ የወጣ አንድም ጠበቃ አልነበረም። በየአውራጃው ሕጉን ተቀብለው፣ አንብበው፣ ለባለጉዳይ ቋንቋ የመለሱት እንደ ቀዳሚው ያሉ ሰዎች ናቸው። እርሳቸው ያኔ 27 ዓመታቸው ነበር። “ሕጉን እንደ ዳዊት ነው የደገምሁት” ይሉ ነበር። ቀልድ አልነበረም፤ ስለ ውልና ስለ ውርስ የሚናገሩትን አንቀጾች በቃላቸው ያውቋቸው ነበር።

በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት በሆነ ጊዜ፣ አዋጅ ቁጥር 47 በከተማ ቦታና ቤት ላይ የሚነሡትን ክርክሮች ለቀበሌ የፍርድ ሸንጎ ሰጠ። የከተማው ጠበቃ ዋና እንጀራ የቤትና የቦታ ክርክር ነበርና ብዙዎቹ ሙያውን ተዉት። ቀዳሚው ወደ ቀድሞ ጠረጴዛቸው ተመልሰው በኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪናቸው እንደገና ማመልከቻ መጻፍ ያዙ። “ሰው መበደሉን አልተወ፤ እኔ መጻፌን ለምን እተዋለሁ?” ብለው ነበር አንድ ጊዜ ስጠይቃቸው።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ፤ ይህን ሳልናገር ብቀር ንግግሬ ሁሉ ሐሰት ይሆናል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ ዳኛ ነበርሁ። ዕድሜዬ 26 ዓመት ነበር። ሕግን የተማርሁት በእንግሊዝኛ ነው፤ ችሎት ላይ ስቀመጥም በልቤ የማነበው የእንግሊዝኛውን ቅጂ ነበር። ቀዳሚው በአንድ ጉዳይ ከፊቴ ቆመው ሲከራከሩ፣ እኔ አንድን ቁጥር በእንግሊዝኛው ትርጉም ተረድቼ በመሃል አቋረጥኋቸው። እርሳቸው እጃቸውን አጣምረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “የተከበረው ፍርድ ቤት ይፍቀድልኝና፣ አንቀጹ በአማርኛው እንዲህ አይልም” አሉኝ። ልክ ነበሩ። በሁለቱ ቅጂዎች መካከል ልዩነት ሲኖር የበላይነት ያለው አማርኛው እንደሆነ በ1987 በወጣው የነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ተደንግጓል፤ እኔም አውቀው ነበር። ይሁን እንጂ ዲግሪ የሌላቸው ሽማግሌ በሙሉ ችሎት ሲያርሙኝ ደሜ ፈላ። ችሎት በመድፈር እንደምቀጣቸው ተናገርሁ። በአዳራሹ ተቀምጦ በነበረው ባለጉዳይ ሁሉ ፊት “ሕግ የት ተማሩና ነው?” አልኋቸው። እርሳቸው “በሕግ አምላክ” ብቻ ብለው ተቀመጡ።

በደንበኛቸው ላይ ፈረድሁ። ይግባኝ ተባለ፤ ውሳኔዬም ተሻረ።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ጊዜ ተገናኝተናል። ዳኝነቱን ትቼ ማስተማር ስጀምር፣ ተማሪዎቼን ይዤ ስሄድ ቤታቸውን ከፍተው አስተናግደውናል። ያን ቀን አንድም ጊዜ አላነሡብኝም። እኔም አላነሣሁም። ዛሬ ነገ ስል 28 ዓመት አለፈ። በመጨረሻው ሕመማቸው ጊዜ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር፤ ቤቱ በጠያቂ ሞልቶ ስለነበር “ሌላ ቀን ብቻቸውን ሳገኛቸው” ብዬ ተመለስሁ። ሌላ ቀን አልነበረም።

ካረፉ ከጥቂት ወራት በኋላ የበኩር ልጃቸው ስልክ ደወለልኝ። ቢሮው ሊከራይ ነው፤ ወረቀቱ ግን የት ይሂድ? አንድ ነጋዴ ለመጠቅለያ በኪሎ ሊገዛው ጠይቋል። ሄጄ አየሁ። ከ50 ዓመት በላይ የተከማቸ የአንድ ከተማ ጠብና ዕርቅ በኬሻ ተቋጥሮ ከግድግዳው ጥግ ተቀምጧል። የደንበኛ ምስጢር ያለበት ስለሆነ ከፍቼ ማንበብ አልችልም ብዬ ነገርሁት። ነገር ግን ለፍርድ ቤት የቀረበና በግልጽ ችሎት የታየ የይግባኝ ማመልከቻ ምስጢር አይደለም፤ በተለይም የተሻረው ውሳኔ የእኔው ሲሆን። ያን መዝገብ ፈልጌ አገኘሁት። ቅሬታቸው በካርቦን የተገለበጠ አራት ገጽ ነው። ለሰደብኋቸው ቃል፣ ለዛትሁት ቅጣት፣ ለደንበኛቸው ጆሮ ለነፈግሁት አንድ መስመር ተጽፎ እንደሆነ ፈለግሁ። አንድም ቃል የለም። ስለ ሕጉ ንባብ ብቻ ነው የጻፉት። “የሥር ፍርድ ቤት” ከማለት በቀር ዳኛውን አልነኩም።

ይህን ስነግራችሁ ደግነታቸውን ለማወደስ ብቻ አይደለም። የዳኛውን ጠባይ አንሥተው ቢሆን ኖሮ፣ ክርክሩ በእኔና በእርሳቸው መካከል በሆነ ነበር፤ ደንበኛቸውም በመሃል ይጠፉ ነበር። እርሳቸው ግን መሰደባቸውን ከመዝገቡ ውጭ አስቀሩት፤ ምክንያቱም መዝገቡ የእርሳቸው አልነበረም። የጥብቅናን ሥነ ምግባር ለዓመታት ከመጽሐፍ አስተምሬያለሁ። ከእነዚያ አራት ገጾች የተማርሁትን ያህል ግን አላስተማርሁም።

ሁለተኛዋ በቁጥር ጥቂት ሴቶች ብቻ ይማሩበት በነበረ ዘመን በሕግ ተመርቀው፣ ለዓመታት በዳኝነት ካገለገሉ በኋላ ወደ ጥብቅና የመጡ ናቸው። ያረፉት በ68 ዓመታቸው ነው። አብዛኛው ሥራቸው የቤተሰብ ጉዳይ ነበር።

ሥራቸውን ለመረዳት ሕጉ የነበረበትን ማስታወስ ይገባል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ልትዳር ትችል ነበር፤ ባል የቤተሰቡ አለቃ ነበር፤ የፍቺ ጉዳይም በቅድሚያ የሚታየው በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር። በቀድሞው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ነበር። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በ1992 ወጣ፤ የአማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 አወጣ፤ ያ የጠለፋ በር የተዘጋው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። እናንተ ይህን በአንድ ምዕራፍ አንብባችሁ ትፈተናላችሁ። ሁለተኛዋ ግን በእነዚህ ዓመታት ሁሉ፣ አሮጌው ሕግ ገና ሳይሻር፣ አዲሱም ወጥቶ ገና ሳይለመድ፣ በቢሯቸው ከተቀመጠች አንዲት ሴት ጋር ፊት ለፊት ነበሩ።

ተማሪዎችን ለልምምድ እልክላቸው ነበር። አንዲት ተማሪዬ ከቢሯቸው ስትመለስ የነገረችኝን አልረሳውም። ባለጉዳይ ስትገባ እኛ የምናስተምረው የመጀመሪያ ጥያቄ “ጉዳይዎ ምንድን ነው?” የሚል ነው። ሁለተኛዋ ግን የሚጠይቁት “ዛሬ ማታ የት ታድሪያለሽ?” ብለው ነበር። መልሱን ሳይሰሙ ወረቀት አያነሡም። በቢሯቸው ጥግ ለሕፃናት የሚሆን ፍራሽና የሻይ ፔርሙዝ ነበር። ተማሪዋ “ይህ የሕግ ሥራ ነው?” ብላ ስትጠይቃቸው፣ “ማደሪያ የሌላት ሴት የሰጧትን ሁሉ ትፈርማለች፤ የፈረመችውን ለማፍረስ ደግሞ እኔ ሦስት ዓመት እከራከራለሁ። ስለዚህ ማደሪያው ይቀድማል” አሏት።

የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ያለ ክፍያ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ደንግጎ ነበር። አንድ ጊዜ ለጥናት ብዬ ሰዓታቸውን እንዲመዘግቡልኝ ለመንኋቸው። ከሁለት ወር በኋላ ደብተሩን ባዶውን መለሱልኝ። “የከፈለችውንና ያልከፈለችውን ለይቼ ስጽፍ ዓይኔ ሊለያቸው ጀመረ፤ ይቅርብኝ” አሉ። እንደ ተመራማሪ ተናደድሁ። አሁን ሳስበው ግን ደብተሩ ባዶውን መመለሱ ራሱ መረጃ ነበር።

እርሳቸውን ፍጹም አድርጌ እንዳላቀርብ ደግሞ ልናገር። ቁጡ ነበሩ። ወጣት ዳኞችን ያስለቅሱ ነበር። ሽምግልናን ይጠራጠሩ ስለነበር፣ በዕርቅ ሊያልቁ ይችሉ የነበሩ አንዳንድ ጉዳዮችን እስከ መጨረሻው ገፍተዋል የሚሉ ባልደረቦች አሉ፤ ፍርዱን ለእነርሱ እተዋለሁ። ልጃቸውም እዚህ አለች፤ እናቷ ማታ ቤት ሲመጡ ለእርሷ የሚተርፍ ጉልበት እንዳልነበራቸው ነግራኛለች፤ ይህንንም እንድናገረው ፈቅዳልኛለች። አንድ ሰው ለሌሎች የሚሰጠው ነገር ከየት ተቀንሶ እንደሚሰጥ የሚያውቀው ቤተሰቡ ብቻ ነው። ስለዚህ ስናመሰግን ለቤተሰቡም ማመስገን አለብን።

ሦስተኛው ተማሪዬ ነበር። በሕይወት ሳለ “አንተ” እለው ስለነበር አሁንም እንደዚያው እጠራዋለሁ። በ43 ዓመቱ በድንገተኛ ሕመም አረፈ። ከተመረቀ በኋላ በተከላካይ ጠበቃነት ሠርቷል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለውና ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆምለት ይደነግጋል። ያ ድንጋጌ ሥጋ የሚለብሰው አንድ ወጣት በጠዋት የመዝገብ ክምር ታቅፎ፣ ትናንት አይቶት ለማያውቀው፣ ሕዝብ ሁሉ ለሚጠላው ተከሳሽ ሲቆም ነው። “እንዴት ለእንዲህ ያለ ሰው ትቆማለህ?” ሲሉት “ለእርሱ ሳይሆን ለማስረጃው ነው የምቆመው” ይል ነበር። በኋላ የግል ቢሮ ከፈተ።

የምነግራችሁ ግን ስላሸነፈው ሳይሆን ስለተሳሳተው ጉዳይ ነው። በአንድ የፍትሐ ብሔር ክርክር ደንበኛው ተሸነፈ፤ ይግባኝ ማለት ነበረበት። የሥነ ሥርዓት ሕጋችን በቁጥር 323 የሚሰጠው 60 ቀን ነው። እርሱ በቀጠሮ ደብተሩ ላይ የወሩን ስም አሳስቶ ጻፈ። ስሕተቱን ያወቀው ጊዜው ባለፈ በዘጠነኛው ቀን ነው። ጊዜው ያለፈበት ይግባኝ በበቂ ምክንያት ሊፈቀድ ይችላል፤ ነገር ግን የዘገየው በጠበቃው ወይም በነገረ ፈጁ ጉድለት ከሆነ ሕጉ በቁጥር 326 በሩን ይዘጋዋል። ማለትም ጥፋቱ የጠበቃው፣ ጉዳቱ የደንበኛው ነው።

ያን ማታ ወደ ቤቴ መጣ። ምክር ጠየቀኝ። የሰጠሁትን ምክር ዛሬ በተማሪዎቼ ፊት ስናገር አፍራለሁ። “ተረጋጋ፤ ለጊዜው ምንም አትናገር፤ የሰበር አቤቱታ ወይም ሌላ መንገድ እስክንፈልግ ጠብቅ” አልሁት። ዶክተር፣ የሕግ መምህር፣ የሥነ ምግባር አስተማሪ፤ የሰጠሁት ምክር ይህ ነበር። እርሱ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ደንበኛው መንደር ሄዶ “አባቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቀኑን አሳልፌያለሁ፤ ሊከሱኝ ይችላሉ፤ ሌላ ጠበቃ ይያዙ” አላቸው። የተቀበለውን ክፍያ መለሰ፤ ለደረሰው ጉዳትም ተስማምተው ለሁለት ዓመት በየወሩ ከገቢው ከፈለ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከእርሱ አይደለም፤ ደንበኛው ለቀብር መጥተው በድንኳን ውስጥ ለሁላችንም ተናገሩ። “በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ይሉ ነበር አባቶቻችን። እኔ በቅሎዬ ሄዳለች፤ ይህ ልጅ ግን ጭብጦዬን አልወሰደም” አሉ። እዚህ ያሉት ጠበቆች ያን ጊዜ አብረውኝ ስለነበሩ ያስታውሱታል።

እንግዲህ ሦስቱን አንድ ላይ ሳስባቸው የሚያገናኛቸው ሊቅነታቸው አይደለም። አንዱ ዲግሪ አልነበራቸውም፤ አንዷ ቁጡ ነበሩ፤ አንዱ ቀን አሳለፈ። የሚያገናኛቸው መዝገቡ የሌላ ሰው መሆኑን አለመርሳታቸው ነው። ጥብቅና ማለት በሌላ ሰው ስም መናገር ነውና፣ የራስን ክብር፣ የራስን ምስጋና፣ የራስን ፍርሃት ከዚያ ስም ለይቶ ማኖር የሙያው ዋና ችሎታ ይመስለኛል። ይህ ደግሞ በፈተና አይለካም።

ከዚህ ተነሥቼ ለፋኩልቲያችን ሁለት ነገር አሳስባለሁ።

የመጀመሪያው ስለ ወረቀቱ ነው። በ2013 የወጣው የፌዴራል ጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249 የጥብቅና ድርጅት እንዲቋቋም ፈቅዷል። ድርጅት ከሰው ዕድሜ በላይ ይኖራልና ወደፊት መዛግብት የሚጠበቁበት ዕድል ይሰፋል። እስካሁን ብቻቸውን ሲሠሩ የኖሩት ጠበቆች ወረቀት ግን እያንዳንዱ ቀብር በተፈጸመ ቁጥር ወደ ሱቅ መጠቅለያ እየሄደ ነው። ቤተ መጻሕፍታችን አንድ ክፍል ለይቶ እነዚህን መዛግብት በአደራ ይቀበል። የባለጉዳዮቹ ምስጢር እንዲጠበቅ መዛግብቱ ታሽገው ለረጅም ዘመን ይቆዩ፤ ለጥናት ሲከፈቱም ስም ይሰረዝ። የቀዳሚው ልጅ ኬሻዎቹን ሳይሸጡ እስካሁን ይዘውልናል። ከዚህ በላይ ልናስጠብቃቸው አይገባም።

ሁለተኛው ስለ ሕያዋን ነው። በዚህች ከተማ ከ70 ዓመት በላይ የሆናቸው ጠበቆችና የቀድሞ ዳኞች አሉ። እያንዳንዱ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ከአንዳቸው ጋር ተቀምጦ የሥራ ታሪካቸውን ይመዝግብ። ያሸነፉትን ብቻ ሳይሆን የተሳሳቱትንም ይጠይቅ። የሥነ ምግባር ትምህርታችን ስለ ስሕተት ማውራት ካልጀመረ፣ ተማሪዎቻችን ሲሳሳቱ ወደ መምህራቸው ቤት ይመጣሉ፤ መምህራቸውም እንደ እኔ “ለጊዜው ዝም በል” ይላቸዋል።

ለቀዳሚው ልጆች የምለው አለኝ። አባታችሁን በሙሉ ችሎት ሰድቤያቸዋለሁ፤ ይቅርታም ሳልጠይቃቸው አምልጠውኛል። ስድቡ በሰው ፊት ስለነበር ይቅርታውም በሰው ፊት እንዲሆን ፈልጌያለሁ። “ሕግ የት ተማሩና ነው?” ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። የት እንደተማሩ አሁን አውቃለሁ፤ እኔም ዘግይቼ ከእርሳቸው ተምሬያለሁ። ይቅር በሉኝ።

ተማሪዎች ሆይ፣ ዛሬ ማታ ልትጠይቋቸው የሚገቡ ሽማግሌ ካሉ፣ ቤቱ በጠያቂ ቢሞላም ገብታችሁ ተናገሩ እንጂ እንደ እኔ ለሌላ ቀን አታሳድሩት።

እግዚአብሔር የሦስቱንም ነፍስ በገነት ያኑር፤ ለቤተሰቦቻቸው መጽናናትን ይስጥ።